አባ ዱላው አልወርድም ሲል፦ ከገዳ ወደ ሞቲ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የታሪክ ተማሪ ነኝ። ገዳ ዴሞክራሲ ነው፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይለወጣል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጅማ ሄጄ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሳይ ግን ግራ ገባኝ። ልጁን የሚያወርስ የኦሮሞ ንጉሥ ከየት መጣ? አንዱ ገዳን ያጠፋው ምኒልክ ነው ይለኛል። ሌላው እስልምና ነው ይላል። አንድ መምህሬ ደግሞ ድሮም ገዳ ስሙ ነው እንጂ በተግባር አልነበረም አለን። ለምሠራው ጽሑፍ የትኛውን ልያዝ?»

አንዱንም አትያዝ። ሦስቱም ውስጥ ቅንጣት እውነት አለች፣ ግን ሦስቱም ዋናውን ነገር ይስታሉ። ንጉሡ፣ በኦሮምኛ ሞቲ፣ ከውጭ መጥቶ ገዳ ላይ የወደቀ ሰው አልነበረም። ከራሱ ከገዳ ቤት የወጣ ሰው ነው። ለጦርነት ተመረጠ፣ ጊዜው አለቀ፣ አልወረደም። በቃ። «ገዳን ማን አጠፋው» የሚለውን ትተህ «ያ ሰው ሳይወርድ መቅረት እንዴት ቻለ» ብለህ ብትነሣ ነገሩ ራሱ መንገዱን ያሳይሃል።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት የተጣመመውን እናቃና። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሃለሁ።

ከምኒልክ እንጀምር። ዓመቱን ብቻ ቁጠር። ሊሙ እናርያ ላይ ቦፎ የሚባል የጦር መሪ፣ አባ ጎሞል የሚሉት፣ በ1800 ገደማ የራሱን ቤት የገዢ ቤት አደረገ። ልጁ አባ ባጊቦ ከ1825 ገደማ እስከ 1861 ነገሠ። ጅማ ላይ አንደኛው አባ ጅፋር በ1830 ዙፋን ያዘ። ምኒልክ የተወለደው 1844 ነው። ያልተወለደ ሰው ጅማ ላይ ገዳን አፈረሰ ማለት ነው? ጊቤ አካባቢ የነበሩት አምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ፣ የሸዋ ጦር በ1880ዎቹ ሲደርስባቸው ንጉሥ ካዩ ቆይተዋል። ምኒልክ ገዳን በሌላ አካባቢ በሌላ መንገድ ጎድቶታል፤ እመለስበታለሁ። የጊቤን ንግሥና ግን በእሱ ላይ መጻፍ አይቻልም።

እስልምናው ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ተመልከት። አባ ጅፋር አንደኛው በመጀመሪያ የጦር ሰው ነበር። መስለም በሰፊው የመጣው ሥልጣኑ ከተያዘ በኋላ፣ ከነጋዴዎቹ ጋር ነው። አዲሱ ሃይማኖት ለንጉሡ በጣም ጠቀመው፣ ይህ አይካድም። ገዳ ከዋቃ ማለትም ከአምላክ፣ ከመንፈሳዊ መሪው ከቃሉ፣ ጉባኤ ከሚቀመጥበት ዛፍ ከኦዳው ሥር ከሚደረገው ሥርዓት ጋር የተጋመደ ነው። አንድ ገዢ ከዚያ ሥርዓት ሲወጣ ሥልጣኑን ለማስባረክ የአባ ገዳውን ምርቃት መጠበቅ አያስፈልገውም። ዳኛ አለው፣ ሼኽ አለው፣ የሚጽፍለት አለው። ቢሆንም መጥቀም ሌላ፣ መፍጠር ሌላ። ማስረጃ ከፈለግክ ወደ ወለጋ ተሻገር። ለቃ ነቀምቴ ላይ በከሬ ጎዳና ሥልጣን አሰባሰበ፣ ልጁ ሞሮዳ ወረሰው፣ የሞሮዳ ልጅ ኩምሳ ወረሰ። እዚያ ቤት እስልምና አልነበረም። ኩምሳ እንዲያውም ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። ያው ወራሽ ንግሥና በአንዱ ቦታ ከእስልምና ጋር፣ በሌላው ያለ እስልምና ከበቀለ፣ ዘሩ ሌላ ቦታ ነው።

መምህርህ ያለው ሦስተኛው ግን ያናድደኛል፤ ሳይፈተሽ ስለሚወራ። አባ ባሕርይ የሚባለው መነኩሴ በ1593 ስለ ኦሮሞ ሲጽፍ ወዳጅ ሆኖ አልነበረም። ከአገሩ ያፈናቀሉትን ሰዎች ነው የሚጽፈው። እሱ ራሱ ግን እነዚህ ሰዎች ንጉሥ እንደሌላቸው፣ ሉባ ለሚባል፣ ስምንት ዓመት ለሚገዛ የገዳ ቡድን እንደሚታዘዙ፣ ስምንቱ ሲሞላ ሌላ ሉባ እንደሚተካ ጽፏል፤ ሉባዎቹንም በስም በስማቸው ይቆጥራቸዋል። የተጠቃ ሰው በጠላቱ ላይ የሌለ ሥርዓት ምን ብሎ ይፈጥራል?

እንግዲህ ሥርዓቱ ራሱ። በአጭሩ፣ ምክንያቱም ይህን ታውቀዋለህ። ወንዶች በአምስት ቡድን ይደለደላሉ። እያንዳንዱ ቡድን ተራው ሲደርስ ስምንት ዓመት ይመራል፣ አምስት ጊዜ ስምንት አርባ፣ ስለዚህ ተራው ተመልሶ የሚመጣው በአርባ ዓመቱ ነው። ልጅ ከአባቱ አርባ ዓመት ቆይቶ ነው ገዳ ውስጥ የሚገባው። አባ ገዳ በላይ አለ፣ ሕግ የሚወጣበት ጨፌ አለ፣ ጦር የሚመራ አባ ዱላ አለ። ዱላ ስልህ የእኛ የአማርኛው በትር እንዳይመስልህ፤ በኦሮምኛ ዱላ ዘመቻ ነው። አባ ዱላ የዘመቻ አባት። ይህን ሰው ልብ በለው፣ ታሪኩ ያለው እሱ ጋ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ገዳን ገነት አድርገህ አትሣለው። ሴቶች ጨፌው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ሲንቄ የሚባል የራሳቸው ከለላና የተቃውሞ መንገድ ነበራቸው፣ ኃይለኛም ነው፣ ግን ጨፌው የወንድ ነው። እየተስፋፉ ሲሄዱ የያዙት አገር ሕዝብ ሞጋሳ በሚባለው የጉዲፈቻ ሥርዓት ወደ ጎሳ ይገባል፤ ገባሮ የሚባለው ይህ ሕዝብ ግን ከነባሩ ጋር እኩል አልሆነም። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገባሮው ሲያምፅም ታይቷል። ስለዚህ «ሁሉም እኩል የነበረበት ሥርዓት ፈርሶ ንጉሥ መጣ» ብለህ አትጻፍ። ሲጀመርም ከፍና ዝቅ ነበረ። ንጉሡ ከፍታውን ለአንድ ቤት ጠቀለለው።

አሁን መሰነጣጠቁ። መጀመሪያ ርቀት ነው። ኦሮሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲወጣ ሕግ የሚታደሰው ደቡብ፣ መዳ ወላቡ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ጊቤ ማዶ የደረሰ ሰው ለእያንዳንዱ ክርክር መዳ ወላቡ ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ በየአካባቢው ኦዳ ተተከለ። ከኦሮሞ ቅርንጫፎች ቱለማ ኦዳ ነቤ፣ ኢቱ ኦዳ ቡልቱም፣ መጫ ኦዳ ቢሲል። የመጫ ሕግ አውጪ ተብሎ የሚወሳው መኮ ቢሊ የቢሲል ሰው ነው። ከቢሲልም ወጥተው ጊቤን የተሻገሩት ደግሞ የየራሳቸው ጨፌ አበጁ፤ የጅማዎቹ ሁሌ በሚባል ቦታ ነበር። በየደረጃው ሥልጣኑ ወደ መንደር ይቀርባል፣ ጥሩ ነው። ግን ትልቁ ጉባኤ ትንሹን መሪ የሚገሥጽበት ገመድ ይረዝማል፣ ይላላል። ሁሌ ላይ አንድ አባ ዱላ ቢያጠፋ ከቢሲል ማን መጥቶ ያወርደዋል?

ቀጥሎ መሬቱ። ይህ ነው የነገሩ ሆድ፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ከብት አርቢ ሀብቱ እግር አለው። መሪው ሲከፋበት ከብቱን ነድቶ ይሄዳል፤ መሪው ባዶ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው። ጊቤ ሸለቆ ላይ ግን ሌላ ነው። ለም ነው፣ ዝናቡ አይቸግርም፣ ቡና አለ፣ እህል አለ፣ እንሰትም አለ። እዚያ የገባው ኦሮሞ በሁለት ሦስት ትውልድ ገበሬ ሆነ። ማሳ እግር የለውም። ገበሬ ቢከፋውም ጓሮውን ተሸክሞ አይሄድም፤ ስለዚህ ይገብራል፣ ይታገሣል። በተረፈ ያ አገር ቀድሞም ንጉሥ የለመደ አገር ነው። የእናርያ መንግሥት ኦሮሞ ከመምጣቱ በፊት እዚያው ነበር፣ ስሙም በሊሙ እናርያ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ጎረቤቱ ከፋም ንጉሥ ነበረው። ንጉሥ ምን እንደሚመስል፣ ግብር እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ድንበር እንዴት እንደሚቆፈር የሚያውቅ ሕዝብ በዙሪያውም ከውስጡም ነበር። አዲሱ ገዢ ብዙውን ነገር ከዜሮ አልጀመረም።

ሦስተኛው ጦርነት። ገዳ በተፈጥሮው ለእያንዳንዱ ትውልድ የጀግንነት ተራ ይሰጣል፤ አዲስ ሉባ ሲገባ ዘመቻ ይወጣል። በስፋት ዘመን ይህ ያዋጣል፣ ዘመቻው ወደ ውጭ ነው። ጊቤ ላይ ግን ሁሉም ሰፈረ፣ መሬቱ ሞላ፣ ዘመቻው ጎረቤት ኦሮሞ ላይ ዞረ። ሊሙ በጉማ፣ ጅማ በሊሙ፣ ማቆሚያ የለውም። በየስምንት ዓመቱ ይመጣ የነበረው ዘመቻ በየዓመቱ ሲሆን አባ ዱላውም የየዓመቱ ሰው ሆነ። አባ ገዳው ሊያወርደው ቢል መልሱ ዝግጁ ነው፦ ጦር ላይ ነን፣ አሁን ማን ይለውጣል? አንዴ ተፈቀደለት። ሌላም ጊዜ ተፈቀደለት። ሦስተኛ ጊዜ ማንም አልጠየቀም።

እስቲ ያን ሰው ጠጋ ብለን እንየው። ከዘመቻ ተመልሷል። ከብቱ ሜዳው ላይ ተነድቷል፣ ምርኮኛው ተቀምጧል። ድሮ ምርኮ በደንብ የሚከፋፈል ነገር ነው፤ ለጎሳው ይደርሳል፣ ለዘማቹ ይደርሳል። አሁን ግን የሚያከፋፍለው እሱ ነው። አባት ለሌለው ወጣት ፈረስ ይሰጣል። ከተራው ውጭ ለወደቀ ጎልማሳ ከብት ይሰጣል። እዚህ ላይ ገዳው ራሱ ያጠመደው ነገር አለ፦ ልጅ ከአባቱ አርባ ዓመት ቆይቶ የሚገባ ከሆነ፣ ሽማግሌ አባት የወለደው ልጅ ገና እያለ ተራው ይደርሳል፣ ወጣት አባት የወለደው ደግሞ ተራው ሳይደርስ ይሸብታል። ጉልበት ኖሮት ቦታ ያጣ ሰው ብዙ ነው። ያ ሰው ከአባ ገዳው የማያገኘውን ከአባ ዱላው አገኘ። በሚቀጥለው ዘመቻ የሚከተለው ጎሳውን ሳይሆን ፈረስ የሰጠውን ሰው ነው።

ፈረስ ካነሣን አይቀር፣ ስሞቹን አስተውለህ ታውቃለህ? አባ ጅፋር፣ አባ ባጊቦ፣ አባ ጎሞል፣ አባ ረቡ። እነዚህ የፈረስ ስሞች ናቸው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ እንደምንለው ማለት ነው። የአንደኛው አባ ጅፋር የቤት ስሙ ሰና ነው፣ የአባ ባጊቦ ኢብሳ። እኛ ዘንድ ግን ቴዎድሮስ የዙፋን ስም አለው፣ የፈረስ ስሙ ማሞገሻ ነው። ጊቤ ላይ የፈረስ ስሙ ራሱ የንጉሥ ስም ሆነ፤ ጅማም «ጅማ አባ ጅፋር» ተባለች። ሥልጣኑ ከየት እንደመጣ ስሙ ላይ ተጽፏል፦ ከኮርቻ ላይ።

አሁንም ግን ንጉሥ አልሆነም። ጦርና ተከታይ ያለው ኃይለኛ ሰው ነው እንጂ። ሲሞት ተከታዩ ይበተናል፣ ሌላ ኃይለኛ ይነሣል። ጉዱሩ ላይ ጋማ ሞራስ እንዲህ ገንኖ ነበር፤ እንደ ጅማ ያለ ሥር የሰደደ የንግሥና ቤት ግን ትቶ አላለፈም። አንድ ኃይለኛ ሰው ቤት እንዲሆን የማያቋርጥ ገቢ ያስፈልገዋል። ምርኮ ደግሞ ይቋረጣል።

ገቢው ንግድ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከከፋ ዋና ከተማ ከቦንጋ ተነሥቶ፣ በሊሙ ሰቃ፣ በጉዱሩ አሰንዳቦ አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ የሚደርስ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከዚያ ወደ ምፅዋ። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ ይሄድበታል። ባሪያም ይሄድበታል፤ ይህን አድበስብሰህ አትለፈው፣ የእነዚህ መንግሥታት ሀብት ትልቅ ክፍል ከሰው ሽያጭ የመጣ ነው፣ የንጉሡን እርሻም ያረሱት ባሪያዎች ናቸው። በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ኬላ ያቆማል። የድንበሩን በር ይዘጋል፣ ነጋዴው ከፍሎ ያልፋል። ሰቃ ላይ አባ ባጊቦ የያዘው ይህን ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ዲጎ የሚባለው ጎሳ ሰው የሆነው አንደኛው አባ ጅፋር ሂርማታን ያዘ። ሂርማታ የዛሬዋ የጅማ ከተማ ናት፣ ትልቅ ገበያ። ሂርማታን የያዘ ጅማን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ የቀሩት ጎሳዎች አንድ በአንድ ገቡለት።

ከዚህ በኋላ የጎሳ ስምምነት የሚፈልግበት ምክንያት ምን ቀረ? ቀለቡ ከኬላ፣ አራሹ ባሪያ፣ ጦሩ የራሱ። ያሸነፋቸውን ተቀናቃኞች መሬት ወስዶ ለታማኞቹ አደለ። አገሩን ከፋፍሎ በየክፍሉ አባ ቆሮ የሚባል ገዢ ሾመ። አባ ቆሮ በጎሳ ምርጫ የሚመጣ አልነበረም፣ በንጉሡ ቃል ይሾማል፣ በንጉሡ ቃል ይሻራል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለቀው። «ከዛሬ ጀምሮ ገዳ የለም» ያለ ሰው ብትፈልግ አታገኝም። ጨፌው አልተዘጋም፣ ወሬው ቀዘቀዘ እንጂ። ክርክር ያለበት ሰው ወደ መሰራ፣ ማለትም ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ መሄድ ጀመረ፤ ምክንያቱም ፍርድ የሚያስፈጽመው እዚያ ነው። ገዳ ቀስ በቀስ የምርቃትና የሥርዓት ጉዳይ ሆነ። ዳቦው ተወስዶ ሜሶቡ ቀረ።

መውረሱስ? ይህም እንደሚመስለው ቀጥ ያለ አልነበረም። ሊሙ ላይ ቦፎ በሕይወት እያለ ለልጁ ለቀቀ፣ ብልህ ነው፤ ልጁ አባቱ ቆሞ እያየው ነገሠ። ጅማ ላይ አንደኛው አባ ጅፋር በ1855 ሲሞት ልጁ አባ ረቡ ተተካ፣ ብዙም ሳይቆይ ጦርነት ላይ ተገደለ፣ ዙፋኑ ወደ ልጅ ልጅ በመውረድ ፈንታ ወደ አንደኛው አባ ጅፋር ወንድም ወደ አባ ቦቃ ዞረ። ከእሱ ወደ አባ ጎሞል፣ ከአባ ጎሞል ወደ ሁለተኛው አባ ጅፋር። ቤቱ የተወሰነ ነው፣ ከቤቱ ውስጥ ግን ማን የሚለው አላለቀም ነበር። ይሁን እንጂ ልዩነቱን ቁጥሩ ይነግርሃል። አባ ባጊቦ 36 ዓመት ነገሠ፣ ያ በገዳ ቢሆን አራት ተኩል ተራ ነው። ሁለተኛው አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ነገሠ፣ 54 ዓመት፤ ሰባት አባ ገዳ ሊፈራረቅበት ምንም ያልቀረው ጊዜ።

ይህ ሁሉ ልክ መሆኑን የምትፈትነው በተቃራኒው ነው። ቦረና ሂድ። ቦረና ላይ ንጉሥ አልበቀለም፣ አባ ገዳ እስከ ዛሬ በየስምንት ዓመቱ ይለወጣል፣ ጉሚ ጋዮ የሚባለው ትልቅ ጉባኤም በየስምንት ዓመቱ ይሰበሰባል። ቦረናዎች ከጅማዎች ስለሚሻሉ ነው? አይመስለኝም። ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች አይተህ ከሆነ ይገባሃል። ሰዎች በደረጃ ተደርድረው ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ። አንድ ሰው ብቻውን አንድ ባልዲ አያወጣም። የማጠጫውን ተራ የሚያስተዳድር አባ ሄሬጋ አለ፣ ጉድጓዱ ግን የጎሳ ነው። እንደ ኬላ በር ዘግቶ ልውረስ ቢል ውሃውን ማን ያወጣለታል? ከብቱም ያው እግር አለው። ሀብት በአንድ እጅ ሊቆለፍበት በማይችል አገር አባ ዱላው ጊዜው ሲያልቅ ይወርዳል፣ ምርጫ የለውም።

ምኒልክን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ቱለማን ከጊቤ ለይ። ቱለማ ላይ ገዳ የተጎዳው ከውስጥ በበቀለ ንጉሥ ሳይሆን ከሸዋ በመጣ ጦር ነው። ይህም በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ አስቀድሞ እየገፋ የነበረ ነገር ነው። በምኒልክ ዘመን ተጠናቀቀ፤ መሬት ተወሰደ፣ ሥልጣን ለተሿሚ ሆነ። ለቃ ደግሞ በመካከል ያለ ነው፦ የበከሬ ቤት ከውስጥ በቀለ፣ ሞሮዳ በ1882 ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ካሸነፈበት ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ለምኒልክ ገበረና ቤቱን አተረፈ። ሁለተኛው አባ ጅፋርም ሳይዋጋ ገብሮ ጅማን እስከ 1932 ራሷን ችላ አቆያት። እዚህ ላይ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ገዳን ከሥልጣን ያወረደው ንግሥና ነው በ1880ዎቹ ጅማን ከወታደር ሰፈራ ያዳነው፣ ምክንያቱም ምኒልክ የሚደራደረው አንድ ሰው ይፈልግ ነበር፣ ጅማ ላይ ያ ሰው ነበረ።

ስትጽፍ የምትወድቅባቸው ጉድጓዶች አሉ። የመጀመሪያው የስም ነው። አባ ጅፋር ሁለት ናቸው። ያየኸው ጅሬን ላይ ያለው የእንጨት ቤተ መንግሥት የሁለተኛው ነው፣ ንግሥናውን የመሠረተው አንደኛው ነው፣ በመካከላቸው ሦስት ንጉሥ አለ። ጽሑፍህ ውስጥ «አባ ጅፋር» ብለህ ብቻ ከጻፍክ ግማሽ ክፍለ ዘመን ትስታለህ። አባ ጎሞልም ሊሙ ላይ አንድ፣ ጅማ ላይ አንድ አለ። ተማሪዎች ሁሌ ያጋጩብኛል። ሁለተኛው አቆጣጠሩ ነው። የጊቤን ዓመታት ያስተላለፉልን ብዙዎቹ በጊዜው ያለፉ አውሮፓውያን መንገደኞችና ሚስዮናውያን ናቸው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልስ አንዱን ቀይረህ ሌላውን ከረሳህ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ይነግሥብሃል። አንዱን ያዝ፣ እስከ መጨረሻ በእሱ ጻፍ። ከ1830 በፊት ያሉትን የጊቤ ዓመታት ደግሞ «ገደማ» ሳትል አትጻፍ።

ሌላው የትውልድ ሐረግ ነው። የጎማ ነገሥታት ዘራቸውን ከሩቅ ከመጣ ቅዱስ ሰው ይመዛሉ። የዚህ ዓይነት አፈ ታሪክ ሲያጋጥምህ «እውነት ነው ወይስ ውሸት» ብለህ አትጨነቅ። በተራ የማይወርድ ሥልጣን ማስረጃ ይፈልጋል፤ ከጎሳ ምርጫ ካልመጣ ከደም መምጣት አለበት። አባ ገዳ የዘር ሐረጉን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገውም ነበር፣ ስምንት ዓመቱ ይበቃዋል። ሐረጉ መቼ መተረክ እንደ ጀመረ መጠየቅ ከሐረጉ ይበልጣል።

«ዴሞክራሲ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ። ዩኔስኮ በ2016 ገዳን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ስላሰፈረው ብዙ ሰው ቃሉን እንደ ማኅተም ይመታል። ተው። «ሥልጣን በተራ የሚዞርበት፣ በጉባኤ ሕግ የሚወጣበት ሥርዓት» ብለህ ብትጽፍ ማንም አይከራከርህም፣ ሐቁም እሱ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። «የገዳ መውደቅ» የሚል ርዕስ አታድርግ፤ ለመላው ኦሮሞ የሚሆን አንድ መልስ የለም፣ ያለ ለማስመሰልም አትሞክር። አንድ ቦታ ያዝ፣ ጅማን ብትይዝ ደስ ይለኛል። ጊዜውን ከ1830 እስከ 1878 ዝጋው፤ የሁለተኛውን አባ ጅፋር ዘመን ተወው፣ እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው፣ ከምኒልክ ጋር ያለው ጉዳይ ገጹን ሁሉ ይበላብሃል። መነሻህ አባ ዱላው ይሁን። ቀጥለህ ሂርማታን፣ ከዚያ መሬቱንና አባ ቆሮዎቹን፣ እስልምናን በአራተኛ ደረጃ አምጣው። አንድ ክፍል ለቦረና ስጥ፣ ማነጻጸሪያ ከሌለህ ክርክርህ ግምት ነው የሚሆነው። ጅማ የሚያውቁህ ሽማግሌዎች ካሉ የገበያውን ነገር ጠይቃቸው፤ ስለ ነገሥታቱ ጀግንነት ሁሉም ያወራልሃል፣ ኬላው የት ነበር፣ ማን ይቀርጥ ነበር፣ ሐሙስ ገበያ ላይ የንጉሡ ሰው ምን ይወስድ ነበር የሚለውን ግን ካልጠየቅክ አይነግሩህም።

ጅሬን ዳግም ከወጣህ ደግሞ ቤቱን ብቻ አትጎብኝ። ጀርባህን ለቤቱ ሰጥተህ ወደ ታች ተመልከት። ከተማዋ ተዘርግታ ትታይሃለች። ሂርማታ እዚያ ነው የነበረው።